ጥላ ቢስ ከተማ

የኢትዮጵያ ቱሪዝም አባት የሚባሉት አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ «የአሥራ ሦስት ወር ፀሐይ» የሚለውን መፈክር ሲያወጡ በዐይነ ኅሊናቸው የነበረው ከበረዶ አገር የሚመጣው ፈረንጅ መሆን አለበት። ፈረንጁ ሁለት ሳምንት ይሰነብታል፣ ፀሐይ ይሞቃል፣ አፍንጫው ቀልቶ ወደ አገሩ ይመለሳል። እኛ ግን አሥራ ሦስቱንም ወር እዚሁ ነን። መፈክሩ እ.ኤ.አ. በ2016 «ምድረ ቀደምት» በሚል ተተካ፤ ፀሐይዋ ግን ሥራ አልለቀቀችም። ፀሐይዋን የሚያስተዋውቅ መሥሪያ ቤት አጥተን አናውቅም። ያጣነው ጥላውን «የእኔ ሥራ ነው» የሚል መሥሪያ ቤት ነው።

አዎ፣ ዛሬ የምንጨቃጨቀው ስለ ጥላ ነው። «አገሪቱ ስንት ጉድ ተሸክማ እናንተ ስለ ጥላ ታወራላችሁ?» የሚል ወዳጅ እንደማይጠፋ እናውቃለን። ትንሽ ይታገሠን። አዲስ አበባ በየቀኑ «አረንጓዴ ሆነች» እየተባለች ነው። ሣሩ ተነጥፏል፣ አበባው ተተክሏል፣ ፋውንቴኑ ይረጫል። እኛ የምንለው አንድ ነገር ነው፦ አረንጓዴ መሆንና ጥላ መኖር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ይህ ልዩነት ያልገባው ፕላን ከተማዋን ፎቶ ላይ ያሳምራታል እንጂ አያቀዘቅዛትም።

«እዚህ ደግሞ ምን ሙቀት አለ?»

መጀመሪያ የሚነሳብን ጥያቄ ይሄ ነው። ከጋምቤላ፣ ከሰመራና ከድሬዳዋ የመጡ ወዳጆቻችን አዲስ አበባ ላይ «ሞቀን» ስንል ይስቁብናል። እውነታቸውን ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ አየሯ እንደ በረሃ አይግልም። ግን እስቲ በየካቲት ወይም በመጋቢት ቀትር ላይ መገናኛ ታክሲ ለመጠበቅ ተሰለፉና ከዚያ እንነጋገር። ጥላው ውስጥ ሹራብ፣ ፀሐይዋ ላይ ጃንጥላ! በአንድ እርምጃ ልዩነት ሁለት አገር።

ምክንያቱ ተአምር አይደለም። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፤ ከፀሐይዋ ጋር ያለን መጋረጃ ይሳሳል ማለት ነው። ቆዳ የሚያቃጥለው አልትራቫዮሌት ጨረር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ቢያንስ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ስለዚህ በእኛ ከተማ የሚጠብሰን አየሩ ሳይሆን በቀጥታ አናታችን ላይ የሚወርደው ጨረር ነው። ቆላ ከተማ ውስጥ ጥላ ሥር ብትቀመጡም ወበቁ ይከተላችኋል። አዲስ አበባ ላይ ግን ጥላ ካገኛችሁ ነገሩ አለቀ። በዚህ ምድር ላይ ጥላ ይህን ያህል ዋጋ የሚሰጥባቸው ዋና ከተሞች ብዙ አይደሉም። እና እኛ ይህን የመሰለ ርካሽ መድኃኒት በእጃችን ይዘን ሣር እናነጥፋለን!

በዚህ ላይ የሠራነውን ጨምሩበት። አስፋልቱ፣ ኮብልስቶኑ፣ ሲሚንቶው፣ ቆርቆሮው፣ ባለ መስታወት ፎቁ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ይጠጣሉ፤ ሲመሽ ያንኑ መልሰው ይተፉታል። የዘርፉ ሰዎች «የከተማ ሙቀት ደሴት» የሚሉት ይህንን ነው፤ ከተማው በዙሪያው ካለው ገጠር ይልቅ የሚሞቀው፣ በተለይም ሌሊቱን ቶሎ የማይበርደው ለዚህ ነው። ዛፍ ሁለት ነገር ይሠራል። አንደኛ ጨረሩ መሬት ሳይደርስ ያስቀረዋል፤ በዛፍ ጥላ ሥር ያለ ወለልና ግድግዳ ፀሐይ ከሚመታው ከ11 እስከ 25 ዲግሪ ሴልሺየስ ሊቀዘቅዝ ይችላል። ሁለተኛ ከሥሩ የሳበውን ውኃ በቅጠሉ በኩል እንደ ላብ ያተነዋል፤ ያ ትነት በዙሪያው ያለውን አየር ያቀዘቅዛል። ኤሌክትሪክ አይቆጥርም፣ መብራት ሲጠፋ አይቆምም፣ መለዋወጫው በዶላር አይገዛም።

«ቢሞቀንስ እንሞታለን እንዴ?» ለሚል ደግሞ፦ ሙቀት ብዙ ሰው የጨረሰው «እኛ ቀዝቃዛ አገር ነን» ይሉ የነበሩ ከተሞች ውስጥ ነው። ክረምቷ በበረዶ የታወቀው ቺካጎ እ.ኤ.አ. በ1995 በጥቂት ቀናት ሙቀት ከ700 በላይ ሰዎቿን ቀብራለች። በ2003 የአውሮፓ በጋ ከ70,000 በላይ ሰዎች ሞተዋል። እ.ኤ.አ. በ2023 ላንሴት መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት 93 የአውሮፓ ከተሞችን መርምሮ፣ በ2015 በጋ ብቻ ወደ 6,700 የሚጠጋ ሞት ከከተማ ሙቀት ደሴት ጋር እንደሚያያዝ አሰላ። የእነዚያ ከተሞች የዛፍ ሽፋን 30 በመቶ ቢሆን ኖሮ ከዚያ ውስጥ ከሲሶ የሚበልጠው፣ 2,600 ያህሉ፣ ባልሞተ ነበር። ሙቀት የሚያጠቃው ያልተዘጋጀለትን ነው። እኛ ደግሞ «እዚህ ምን ሙቀት አለ?» እያልን ነው።

ዛፍ ያቆያት ከተማ

የሚገርመው፣ አዲስ አበባ ዛሬ ዋና ከተማ ሆና የምንጨቃጨቅባት በዛፍ ምክንያት ነው። ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ1886 ከተቆረቆረች ብዙም ሳይቆይ በዙሪያዋ ያለው ደን ለማገዶና ለቤት መሥሪያ አለቀ። ምኒልክ እንደ ቀደሙት ነገሥታት ከተማ ነቅለው ወደ አዲስ ዓለም ሊሄዱ ዝግጅት ተጀምሮ ነበር። ያዳናት ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው፤ ቶሎ ደረሰ፣ ማገዶው ተገኘ፣ ቤተ መንግሥቱም ባለበት ቀረ። ስለ ባሕር ዛፍ ጥፋት (ውኃ ይጠጣል፣ በሥሩ ሌላ ነገር አያበቅልም) ብዙ ተብሏል፤ ዛሬ ጠበቃው ለመሆን አልመጣንም። ግን ትምህርቱን ልብ በሉ፦ ያኔ ዛፍ ጌጥ አልነበረም። ከተማዋ ትኑር ወይስ ትነቀል የሚለውን የሚወስን ጉዳይ ነበር። ዛሬ ከመብራት ምሰሶው ቀለምና ከወንበሩ ዲዛይን ጋር «ማስዋቢያ» በሚል አንድ መዝገብ ውስጥ ገብቷል።

ሣር፣ ዘንባባና ፋውንቴን

ለፍትሕ ስንል እንናገር። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት ሰፊ የእግረኛ መንገድ ሠርቷል። ድንጋይ ስንዘል፣ ክዳን የሌለው ቱቦ ስንሸሽ ላደግን ልጆች ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በ2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነው 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳር ፕሮጀክትም ሐሳቡ ትልቅ ነበር፤ ጀርባዋን ለወንዞቿ ሰጥታ ለኖረች ከተማ ፊቷን ማዞር ነውና። እንጦጦ፣ አንድነትና ወዳጅነት ፓርኮችን ጎብኝተን ወደናቸዋል። ሠርግና ምርቃት ይድመቅባቸው።

ግን ቀትር ላይ በአዲሱ ሰፊ መንገድ ከአራት ኪሎ ወደ ታች በእግራችሁ ሂዱ። መንገዱ ሰፊ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ ፀሐይ ደግሞ ሞልቶታል። ሣሩ አምሯል፤ ነገር ግን ሣር ሥር ሰው አይቀመጥም። (ሣር ላይ እንዳትቀመጡ ደግሞ ዘበኛው አለ!) ዘንባባው ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ የዘንባባ ጥላ ግን ለአንድ ሰው ትከሻ እንኳ አይበቃም። ፋውንቴኑ ያምራል፤ ሙሉ ሰፈር ግን አያቀዘቅዝም። ሣር ውኃ እስካገኘ ድረስ ከአስፋልት እንደሚሻል አንክድም። ግን ሰፈራችን ውኃ በፈረቃ በሚያገኝበት ከተማ በየቀኑ የሚጠጣ፣ ለአላፊ አግዳሚው ደግሞ ጥላ የማይሰጥ ነገር የአረንጓዴ ልማት አልፋና ኦሜጋ ሲሆን መጠየቅ የዜጋ ግዴታ ነው።

ፓርኮቹስ? ፓርክ የሚያቀዘቅዘው ራሱንና አጠገቡ ያለውን ነው። እንጦጦ ላይ ያለ ጫካ ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ከጣሪያው ሥር የምትኖረውን እናት አያቀዘቅዛትም። በሩ ላይ ትኬት የሚቆረጥበት ፓርክ ደግሞ ለቅዳሜ መዝናኛ ይሆናል እንጂ ለማክሰኞ ቀትር ጥላ አይሆንም። ሙቀት ቅዳሜን አይጠብቅም። እኛ የምንፈልገው ተዘጋጅተን የምንሄድበት አረንጓዴ ብቻ ሳይሆን ሳናስበው የምናልፍበት ጥላ ነው።

የስንት ችግኝ ልጅ ነህ?

ሌላው ሕመማችን ቁጥር ነው። በሐምሌ 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት አስታወቀ፤ ዓለምም ጉድ አለ። ከዚያ ወዲህ በየክረምቱ ቁጥር እንሰማለን። መትከሉ መልካም ነው። ነገር ግን ችግኝ ዛፍ አይደለም፤ የዛፍ ተስፋ ነው። ለሰው የሚበቃ ጥላ ለመጣል አሥር፣ አሥራ አምስት፣ ሃያ ዓመት ይፈልጋል። ስለዚህ ለመንገድ ማስፋፊያ አንድ አሮጌ ዝግባ ቆርጦ «በምትኩ መቶ ችግኝ እንተክላለን» ማለት አያትን ቀብሮ መቶ እርጉዞችን እንደማስመዝገብ ነው። ሒሳቡ ወረቀት ላይ ይሠራል፤ ጥላው ግን ለአንድ ትውልድ ጠፍቷል።

ቁጥር እንዴት እንደሚቆጠር የምዕራብ አፍሪካዋ ፍሪታውን ታሳየን። ከተማዋ በከንቲባ ኢቮን አኪ-ሶየር መሪነት እ.ኤ.አ. በ2020 አንድ ሚሊዮን ዛፍ ለማልማት ስትነሳ ለእያንዳንዱ ችግኝ መለያ ቁጥር ሰጠች፤ የሰፈሩ ሰዎች በስልካቸው ፎቶ እያነሱ ችግኙን ይከታተላሉ፣ ክፍያ የሚያገኙትም ችግኙ ስለተተከለ ሳይሆን በሕይወት ስለቆየ ነው። ሴራሊዮን ከእኛ የበለጠ ሀብታም አይደለችም። ልዩነቱ እኛ የምንቆጥረው የተተከለውን፣ እነሱ የሚቆጥሩት የተረፈውን መሆኑ ነው።

ጥላ የማን ነው?

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በአዲስ አበባ ከሚደረጉ ጉዞዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በእግር የሚደረጉ ናቸው። ይህ ማለት ከተማዋ የእግረኛ ከተማ ናት። መኪና ያለው ሰው ጥላውን ይዞ ይዞራል፤ ጣሪያ አለው፣ መስታወቱ ጥቁር ነው፣ ኤሲ አለው። ትልቅ ግቢ ያለው ሰው ከአጥሩ ውስጥ ማንጎና አቮካዶ አለው። ጥላ የሌለው ማን ነው? ለታክሲ የተሰለፈው። ጉልት የምትቸረችረው እናታችን። ሊስትሮው። መስቀለኛ መንገድ ላይ ቀኑን ሙሉ የሚቆመው ትራፊክ ፖሊስ። ጤና ጣቢያ በር ላይ ልጇን ታቅፋ ተራ የምትጠብቀው። ከትምህርት ቤት በሰባት ሰዓት የሚለቀቀው ተማሪ። አረንጓዴ ቦታ የት እንደሚሠራ ስትወስኑ እነዚህን ሰዎች ነው ወይ ያሰባችሁት? ወይስ ከአውሮፕላን ማረፊያ የሚመጣውን እንግዳ?

ከፒያሳና ከካዛንቺስ የተነሳው ሕዝብ ጉዳይም እዚህ ውስጥ አለ። የድሮ ሰፈሮች ቤታቸው ያረጀ፣ መጸዳጃቸው የተጣበበ እንደነበር ማንም አይክድም። ግን በየጓሮው አንድ ኮክ፣ አንድ ጽድ፣ አንድ ግራቪሊያ ነበር፤ ከሥሩ ቡና ይፈላ ነበር፣ ዕድር ይሰበሰብ ነበር። በከተማው ዳር የተሠሩትን የኮንዶሚኒየም ሰፈሮች ብዙዎቹን ተመልከቱ፤ በብሎኮቹ መካከል ያለው ቦታ ኮብልስቶን ተነጥፎ የመኪና ማቆሚያ ሆኗል። ለመኪናው ቦታ ተገኘለት። ለአሮጊቷ ወንበርና ለወንበሩ ጥላ ግን «ዲዛይኑ ላይ የለም»።

ያደረጉት አሉ

«ይህ የሀብታም አገር ቅንጦት ነው» እንዳትሉን የኮሎምቢያዋን ሜዴሊን እዩ። እሷም እንደ እኛ ተራራ የከበባት፣ «የዘላለም ጸደይ ከተማ» እየተባለች በአየሯ ስትኮራ የኖረች ናት። ሲሚንቶው ሲበዛ ጸደዩ ሄደ። ከተማዋ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ በዋና ዋና መንገዶቿና በወንዝ ዳሮቿ ላይ 30 «አረንጓዴ ኮሪደሮች» ሠራች (ቃሉ ያው ኮሪደር ነው!)። ኮሪደሮቹ ያረፉት ዛፍ በሌለባቸው፣ ሰው በሚበዛባቸው መንገዶች ላይ ነበር፤ ከድሃ ሰፈር የመጡ ሰዎች በአትክልተኝነት ሠልጥነው ተቀጠሩ። በእነዚህ አካባቢዎች ሙቀቱ በ2 ዲግሪ ገደማ ቀነሰ።

በጀርመን ሽቱትጋርት ደግሞ ከተማዋ ጎድጓዳ ቦታ ላይ ስለሆነች፣ ሌሊት ከኮረብታው የሚወርደው ቀዝቃዛ አየር መንገዱ እንዳይዘጋ ፕላኑ ሸንተረሮቹ ላይ ግንባታ ይገድባል። እኛስ? ከእንጦጦ የሚወርደውን የሌሊት ብርድ የማያውቅ የሽሮ ሜዳ ልጅ አለ? የቀበናና የባንቻይቀጡ ሸለቆዎች የዚያ ብርድ ጎዳናዎች ናቸው። በአጥርና በፎቅ ስንዘጋቸው የራሳችንን መስኮት እየገነባንበት ነው።

ውጭ አገር እስከምን ድረስ እንሂድ? ድሬዳዋ ከዚራ አለ። ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ ሲደርስ የተጠነሰሰው ያ ሰፈር እስከ ዛሬ የሚታወቀው ግራና ቀኝ ዛፍ ባጀባቸው ቀጥ ያሉ መንገዶቹ ነው። ከዚራን የቀየሱት ሰዎች ሰርቨርም፣ ሳተላይትም፣ የሙቀት ካርታም አልነበራቸውም። ፀሐይ አናታቸውን መታቻቸው፣ ዛፍ ተከሉ። አለቀ። ድሬዎች ከምሳ በኋላ ከተማቸውን እንዲወዱ ካደረጓቸው ነገሮች አንዱ ያ ጥላ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ?

ነቅፎ ዝም ማለት ደግ አይደለም፤ የእኛ ጥያቄ ይሄ ነው።

አንደኛ፣ አረንጓዴ ልማት በሔክታርና በችግኝ ብዛት መለካቱ ቀርቶ በጥላ ይለካ። ቀትር ላይ ከእግረኛ መንገዱ ምን ያህሉ ጥላ ሥር ነው? ከታክሲ መጠበቂያዎች፣ ከትምህርት ቤትና ከጤና ጣቢያ በሮች፣ ከገበያዎች ስንቶቹ ጥላ አላቸው? በየዓመቱ ይለካ፣ ለሕዝብ ይነገር።

ሁለተኛ፣ አሮጌ ዛፎች ይመዝገቡ። መንገዱ ለዛፉ ይጠምዘዝ እንጂ ዛፉ ለመንገዱ አይቆረጥ። የግድ ከሆነም ለምን እንደሆነ ከመቆረጡ በፊት የሰፈሩ ሰው ይስማ፣ ይጠየቅ፤ ጠዋት ሲነቃ ጉቶ አያግኝ።

ሦስተኛ፣ ትክክለኛው ዛፍ በትክክለኛው ጉድጓድ ይተከል። ዋንዛ አለን፣ ወይራ አለን፣ ዝግባ አለን፤ ቦታው ሰፊ ከሆነ ሾላና ዋርካ አለን። ግን አንድ ክንድ በማትሞላ የሲሚንቶ ሳጥን ውስጥ የተቀበረ ዛፍ አያድግም። የውኃ ቱቦውና ገመዱ ሲቀበር የዛፉ ሥር የሚዘረጋበት አፈርም አብሮ ይታሰብ።

አራተኛ፣ የወንዝ ሸለቆዎቹ ክፍት ይሁኑ። ዳርና ዳራቸው በድንጋይ ግንብ ብቻ ሳይሆን በዛፍ ይያዝ። ድሬዳዋ ላይ ደቻቱ በነሐሴ 2006 እ.ኤ.አ. ሞልቶ ከ250 በላይ ሰዎች ሲወስድ ያስተማረን ነገር ቢኖር ወንዝ ቦታውን እንደማይረሳ ነው። ያንን ቦታ ለዛፍ ስንተውለት ጎርፍንም ሙቀትንም በአንድ ድንጋይ እንመታለን።

አምስተኛ፣ የወረቀቱ ሕግ መሬት ይውረድ። ከተማችን የምትመራበት መርህ 30 በመቶ ለመንገድ፣ 30 በመቶ ለአረንጓዴና ክፍት ቦታ፣ 40 በመቶ ለሕንፃ ይላል። ሸጋ ሕግ ነው። ግን 30 በመቶው ሁሉ ከተማ ዳር ተራራ ላይ ከተከማቸ መርካቶ ምን አገኘ? ሴሲል ኮኔይንዳይክ የተባሉ የከተማ ደን ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2021 ያቀረቡት ቀላል መለኪያ አለ፦ ከእያንዳንዱ ቤት 3 ዛፍ ይታይ፣ ሰፈሩ 30 በመቶ የዛፍ ጥላ ይኑረው፣ ማንም ሰው ከአረንጓዴ ቦታ ከ300 ሜትር በላይ አይራቅ። እስቲ ዛሬ ማታ መስኮታችሁን ከፍታችሁ ቁጠሩ። ሦስት ደረሰ?

እኛ ልጆቻችንን «ጥላሁን» እና «ጥላዬ» ብለን የምንሰይም ሕዝብ ነን። ሽምግልናችን ዛፍ ሥር ነው፣ ገዳው ኦዳ ሥር ነው፣ ቤተ ክርስቲያኖቻችን ደን ታቅፈው ነው የኖሩት። ክብር ያለውን ሰው «ጥላው ከባድ ነው» እንላለን፤ የማንወደውን ደግሞ «ጥላ ቢስ» ብለን እንሰድባለን። ከተማም እንደ ሰው ነው። ፎቅ ቢደረደርላት፣ መብራት ቢንቦገቦግላት፣ ሣር ቢነጠፍላት፣ ቀትር ላይ ለደከመው ልጇ የሚያርፍበት ጥላ ከሌላት ስሟ አንድ ነው። ያንን ስም አዲስ አበባ ላይ መለጠፍ አንፈልግም። ፕላኑ በእጃቸው ያለ ሰዎች ግን እየለጠፉት ነው፤ እኛም ዝም ካልን ሙጫውን እያቀበልን ነው።

በሚቀጥለው ክረምት ችግኝ እንድንተክል ሲጠሩን እንሄዳለን። ግን አንድ ጥያቄ ይዘን እንሄዳለን፦ «አምና የተከልነውስ የት አለ?»

ቸር ይግጠመን።